የጫማ መደርደሪያው ፎቶ

የአጥቢያችን ሰዎች ከሆናችሁ፣ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ በአንድ እሁድ ከመድረክ በፕሮጀክተር ያሳየሁትን ፎቶ ታስታውሱ ይሆናል። የአንድ ትምህርት ቤት የጫማ መደርደሪያ ነበር። ከፕሮግራሙ በኋላ ብዙዎቻችሁ እጄን ይዛችሁ፣ "መጋቢ፣ ያ የጫማው ነገር ልባችንን ነካው" ብላችሁኛል። አንዲት እናት እንዲያውም እያለቀሰች ነው የወጣችው። ስለዚያ ፎቶ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው።

ፎቶውን ያነሳችው የእህቴ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ በስድስት ዓመቷ ከእናቷ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደች፤ ያደገችው ሜሪላንድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች በኋላ እንግሊዝኛ ለማስተማር ወደ ደቡብ ኮሪያ ሄደች። የኮሪያ መንግሥት በፈረንጆቹ ከ1995 ጀምሮ ኢፒክ በሚባል ፕሮግራም ከውጭ አገር መምህራን እየቀጠረ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይመድባል። መጀመሪያ የሚታየው ፓስፖርት ነው። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ከሚባሉ ሰባት አገሮች የአንዱ ዜጋ መሆን ያስፈልጋል፤ ከአፍሪካ ከሰባቱ መካከል ያለችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። ልጃችን የአሜሪካ ፓስፖርት ስላላት ተቀበሏት። እኔ በሥነ መለኮት ኮሌጅ ዓመታት ሙሉ በእንግሊዝኛ ተምሬ፣ በእንግሊዝኛ ጽፌ የተመረቅኩት ሰውዬ በያዝኩት ፓስፖርት ብሞክር በሩን አላልፍም ነበር። ይህንን እንኳ ለጨዋታ ያህል ነው የማነሳው።

የደረሳት ምድብ ገጠር ነው። ጋንግዎን በሚባለው ተራራማ ክፍለ ሀገር፣ ከቹንቾን ከተማ በስተሰሜን በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። የቹንቾንን ስም ከአባቶቻችሁ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በቃኘው ሻለቃ ስም ተራ በተራ ወደ ኮሪያ ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ወድቀዋል። የእነርሱ መታሰቢያ የቆመው በዚያች ከተማ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1960 ዓ.ም. ሄደው ሐውልቱ ሲመረቅ ተገኝተዋል። በዚያው በፈረንጆቹ 1968 የተከፈተ "የኢትዮጵያ ቤት" የሚባል ካፌ እስከ ዛሬ በወንዙ ዳር አለ። በአካባቢው ደግሞ በ2007 የተከፈተ የዘማቾቹ መታሰቢያ አዳራሽ አለ፤ ጣሪያው የእኛን ጎጆ እንዲመስል ተደርጎ ነው የተሠራው። ልጅቷ እዚያ መመደቧን ስሰማ ያልኳት የመጀመሪያ ነገር "ሐውልቱን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ" ነው። አንድ ቅዳሜ ሄዳ አንሥታ ላከችልኝ። ለሽማግሌዎቹ አሳየሁ፤ ለወጣቶቹ አሳየሁ፤ በታክሲ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ሁሉ አሳየሁ።

በየቀኑ የምትልክልኝ ግን እንዲህ ያለውን አልነበረም።

ከመሄዷ በፊት ደውላ፣ "አጎቴ፣ አልፎ አልፎ ፎቶ ብልክልህ ይደብርሃል?" ብላኝ ነበር። "ለምን ይደብረኛል? ደስ ይለኛል እንጂ" አልኳት። ምን እሺ እንዳልኩ አላወቅኩም ነበር። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ቀን አንድ ፎቶ በቴሌግራም መጣ። በማግስቱም መጣ። ከዚያ በኋላ ቀን አላለፈም። እኔ ረጃጅም ሕንፃ፣ ፈጣን ባቡር፣ የሴኡልን ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ነበር የምጠብቀው። የሚመጣልኝ ሰሃን ነው። አምስት ጎድጓዳ ያለው የብረት ሰሃን፦ ከታች በግራ ሩዝ፣ በቀኝ ሾርባ፣ ከላይ ሦስት ዓይነት ማባያ፤ ከሦስቱ አንዱ ኪምቺ የሚሉት በበርበሬ የቦካ ጎመን። የትምህርት ቤቱ ምሳ ነው፤ መምህራኑም ልጆቹም ከአንድ ወጥ ቤት ነው የሚበሉት። በማግስቱ የአውቶቡስ ፌርማታ። በማግስቱ ከመስኮቱ ማዶ የሚታይ ጭጋግ የሸፈነው ተራራ። በማግስቱ በክፍሏ ውስጥ በማድረቂያ ላይ የተሰጣ ልብስ። በማግስቱ እንደገና ሰሃን።

ከሁሉ ደስ ያለን በመስከረም የላከችው ነው። ከአስፋልት ዳር ምንጣፍ ተነጥፎ ቀይ በርበሬ ተሰጥቷል፤ አንዲት አሮጊት በአጠገቡ ቁጢጥ ብለው ያገላብጣሉ። የሚታየው እጃቸውና የቀሚሳቸው ጫፍ ብቻ ነው። ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ "አላባ ነው እንዴ?" አለች። ኮሪያ ነው ብላት አላመነችኝም።

ፎቶዎቹ ሁሉ እንደዚያ ናቸው፤ ፊት የለባቸውም። አንድ ቀን ጠየቅኳት። "ልጆቹን ለምን አታነሺልኝም? የተማሪዎችሽን መልክ እንይ እንጂ!" ረጅም መልስ ጻፈችልኝ። እዚያ አገር የሰው መልክ የባለቤቱ ነው፤ የልጅን ፎቶ ማንሳትም ሆነ ለሌላ ሰው ማሳየት የወላጅን ፈቃድ ይጠይቃል። ስልኩ ራሱም አይሸፍንላችሁም። በኮሪያ የሚሸጥ ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ድምፅ ያሰማል፤ ሴቶችን በስውር የሚያነሱ ሰዎች በመብዛታቸው በፈረንጆቹ ከ2004 ጀምሮ የመጣ አሠራር ነው። ድምፁን አጥፍታችሁ በኪሳችሁ የያዛችሁት ስልክ እንኳ ለፎቶ ሲሆን "ቀጭ" ይላል። "አጎቴ፣ ስልኬ 'አነሳሁህ' ብሎ ለሰዉ ይናገራል" ብላ ጻፈች። "ስለዚህ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። መጠየቅ ካፈርኩ ደግሞ እተወዋለሁ።"

ሌላ ጊዜ ደግሞ እንዲህ አለችኝ። በአውቶቡስ ውስጥ አንድ አዛውንት ከየት እንደሆነች ጠየቋት። ወላጆቿ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውን ስትነግራቸው ከወንበራቸው ተነሥተው፣ አውቶቡሱ እየሄደ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት። ከታሪኩ ሥር "ፎቶ አላነሳሁም" የሚል ጽፋለች። እኔ ምን ብዬ እንደመለስኩ ታውቃላችሁ? "ምነው! ለስብከት የሚሆን ነበር እኮ።" እሷ አንድ የፈገግታ ምልክት ልካ ዝም አለች። በዚያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ።

ወደ ጫማው ልመለስ።

ልጆቹ ጠዋት ሲገቡ ከደጅ የመጡበትን ጫማ በመግቢያው አውልቀው ለውስጥ ብቻ የሚሆን ነጭ ጫማ ያደርጋሉ። በመግቢያው ግድግዳ ላይ ትልቅ የእንጨት መደርደሪያ አለ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሳጥን፣ በሳጥኑ ሥር የልጁ ስም የተጻፈበት ወረቀት። መደርደሪያው የተሠራው ልጅ በሞላበት ዘመን ነው። ኮሪያ ዛሬ ልጅ የማይወለድባት አገር ሆናለች፤ በፈረንጆቹ 2023 አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የተሰላው የልጅ ቁጥር በአማካይ 0.72 ነበር። አንድ እንኳ አይሞላም። በገጠሩ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች እየተዘጉ ነው። የልጃችን ትምህርት ቤት ከመቶ በላይ ሳጥን ባለው መደርደሪያ ላይ 19 ጥንድ ጫማ ነበረው። በየካቲት መጨረሻ እንደሚዘጋም ተነግሯቸው ነበር። ያንን ነው ያነሳችው። ጫማዎቹ በታችኛው ረድፍ በአንድ ጥግ ተሰብስበዋል፤ የቀረው ባዶ ነው።

ፎቶው የደረሰኝ ሐሙስ ማታ ነው። ለእሁድ የማዘጋጀው መልእክት ከቤተ ክርስቲያን ስለራቁ ወጣቶች ነበር፤ አልያዝልህ ብሎኝ ተቸግሬ ነበር። ፎቶውን ሳየው "ጌታ መለሰልኝ" አልኩ። እውነቴን ነው፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ለሚዲያ ክፍሉ ወንድሞች ላክሁላቸው። ልጅቷን አልጠየቅኩም። ጥያቄው በልቤ አልመጣም ብል ግን እዋሻለሁ፤ መጥቶ ነበር። ፊት የለበትም ብዬ አሳለፍኩት። ስሞቹ ይታያሉ፣ ግን ኮሪያኛ እዚህ ማን ያነባል ብዬ አሳለፍኩት።

እኛ ወንጌላውያን በግድግዳችን ላይ ሥዕል አንሰቅልም፤ በዚህ ከሌሎች ጋር ስንከራከር የኖርን ሰዎች ነን። በፕሮጀክተሩ ላይ በየእሁዱ ስለምናሳየው ምስል ግን ተከራክረን አናውቅም።

እሁድ "እነዚህ ባዶ ሳጥኖች የእኛ ልጆች ናቸው" ብዬ ሰበክሁ። የሆነውን እናንተ ታውቃላችሁ። ከሰዓት በኋላ የሚዲያ ክፍሉ ፎቶውን ከስብከቱ ቅንጭብ ጋር በፌስቡክ ገጻችን ላይ አወጣው፤ እኔ በንግግሬ የጠቀስኩትን የአካባቢውን ስም ጭምር ጻፉበት። በአዲስ አበባ ኮሪያውያን ሚስዮናውያን አሉ፤ አልፎ አልፎ እኛ ጋ መጥተው የሚያመልኩ አንድ ቤተሰብ አይተው ተነክተው፣ በቅን ልብ አገራቸው ላለ የጸሎት ቡድን አጋሩት። ኮሪያኛ የሚያነብ ሰው የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ፎቶው ከተነሣበት ወረዳ ደረሰ።

ልጅቷን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጠሩዋት። የማብራሪያ ደብዳቤ አስጻፉዋት። ውሏ የሚታደስበት ወቅት ነበር። ከዚያ የከፋው ግን ሌላ ነው። ከ19ኙ ልጆች የአንዷ እናት ልጇን ይዛ ወደዚያ ገጠር የመጣችው ከአንድ ሰው ለመራቅ ነው። የልጇ ስም ከወረዳው ስም ጋር ተጽፎ በኢንተርኔት ወጣ። ጌታ ይመስገን፣ ምንም አልደረሰባቸውም። ነገር ግን ያቺ እናት ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ልጇን ትምህርት ቤት ድረስ ራሷ እያመጣች፣ ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ይህንን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ልጅቷ ሁኔታውን ስትጽፍልኝ መልሴ ሦስት ገጽ የሚያህል መልእክት ነበር። ፎቶው ስንቱን እንዳስለቀሰ፣ ስንት ወጣት ወደ ፊት እንደወጣ ዘርዝሬ ጻፍኩ። በመጨረሻው መስመር ላይ "ቅር ብሎሽ ከሆነ ይቅርታ" የሚል አለ። ቅር ብሎሽ ከሆነ! በምክር አገልግሎት ባልና ሚስት ፊቴ ተቀምጠው "ቅር ብሎሽ ከሆነ" ሲባባሉ "ይህ ይቅርታ አይደለም" ብዬ የምገሥጽ ሰው ነኝ።

መልሷ ሁለት መስመር ነው። እንደ ልማዷ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋ፣ "እነዚህ ለእማዬ በየቀኑ እልክላት የነበሩት ዓይነት ፎቶዎች ናቸው። እማዬ ለማንም አታሳይም ነበር" አለች።

ታላቅ እህቴ ሜሪላንድ ሳለች ነው ያረፈችው፤ ልጅቷ ወደ ኮሪያ ከመሄዷ አንድ ዓመት በፊት። ዩኒቨርሲቲ በነበረችበት ጊዜ እናቷ "ዛሬ ምን በላሽ?" እያለች ትጨቀጭቃት ስለነበር፣ ከመናገር ፎቶ መላክ ይቀላል ብላ ሰሃኗን አንሥታ ትልክላት ነበር። እንደዚያ ተጀምሮ ልማድ ሆነ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። "ይደብርሃል?" ብላ የጠየቀችኝ ምን እንደነበር አሁን ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ፎቶ አልመጣም።

በኮሌጅ የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍኩት ስለ አጋር ነው። በሰው አገር፣ በሰው ቤት ያለች ግብፃዊት ሴት ወደ ምድረ በዳ ሸሽታ፣ ጌታ እንዳያት ስታውቅ እርሱን በማየቱ ስም ሰጠችው። ስለዚህ ነገር ስድሳ ገጽ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። በዚያ የዝምታ ሰሞን አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የላከችልኝን ፎቶዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ተመለከትኳቸው። ከሁለት መቶ በላይ ናቸው። በማድረቂያው ላይ የተሰጣው ልብስ የአንድ ሰው ነው። በጠረጴዛው ላይ አንድ ኩባያ። በሩ ሥር አንድ ጥንድ ጫማ። በሚያዝያ አንድ ኩባያ፣ በሐምሌ አንድ ኩባያ፣ በመስከረም አንድ ኩባያ። ሰባት ወር ሙሉ በየቀኑ እያየሁ "ዛሬ ደግሞ ሩዝ!" እያልኩ እቀልድ ነበር።

ሰው ሲወድቅ ያለፈ ነገር ይታወሰዋል። እኔም አባቴን አስታወስኩ።

በ1977 ዓ.ም. በሆሳዕና አካባቢ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያ ዘመን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሕንዳውያን መምህራን ነበሩ። የእኛ የሒሳብ መምህር ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ካሜራውን በአንገቱ አንጠልጥሎ በእግሩ ይዞር ነበር። እንሥቅበት ነበር። ሰው ፎቶ የሚነሳው ፎቶ ቤት ሄዶ፣ ኮት ተውሶ፣ ከተቀባ መጋረጃ ፊት ቆሞ ነው፤ እሱ ግን እንሰት የሚፍቁ ሴቶችን፣ የገበያ አህያን፣ የወላለቀ አጥርን ያነሳል። "ለአህያ ፎቶ ፊልም የሚያባክን" ይባል ነበር። የውጭ አገር ሰው ዓይን እንዲህ ነው፤ እኛ ያለፍነውን ይቆምበታል። የእህቴን ልጅ ሰሃኖች ሳይ እሱ ትዝ ብሎኝ ያውቅ ነበር።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ምዕመናኑ በየቤቱ በሌሊት የሚሰበሰቡበት ጊዜ ነው። አንድ ቅዳሜ አባቴ ከእርሻ ገብቶ በቤታችን ታዛ ሥር በባዶ እግሩ ተቀምጦ፣ ጭቃው ገና በእግሩ ላይ እያለ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያነብብ ነበር። መምህሩ በአጥሩ በኩል አለፈ፤ አነሳው። ካሜራው ድምፅ ቢያሰማም አባቴ አልሰማም። ያየሁት እኔ ነኝ፤ ማታ ነገርኩት።

አባቴን እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። ፎቶ ማለት ማስረጃ ነበር። ለመታሰር መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ መታየት የሚበቃባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ያንን የማታውቁ ወጣቶች ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በማግስቱ ራሱ ወደ መምህሩ ቤት ሄደ፤ እኔን ለአስተርጓሚነት ወሰደኝ። ጉዳዩን በሰባራ እንግሊዝኛዬ አስረዳሁ። መምህሩ ፊቱ ተለወጠ። አንድ ቃል ስለ ራሱ አልተናገረም፤ ሁለት መዳፉን ገጥሞ አንገቱን ደፋ። አዲስ አበባ ሄዶ ፊልሙን ሲያሳጥብ የታተመውን ፎቶም ነጋቲቩንም በአንድ ፖስታ አድርጎ ለአባቴ በእጁ ሰጠው። አባቴ ነጋቲቩን ምድጃ ውስጥ ጨመረው። ፎቶውን ግን አልጨመረውም። በሣጥኑ ውስጥ ከግብር ደረሰኞች ሥር ደበቀው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፣ በ1989 ዓ.ም. ወደ ጌታ ሲሄድም ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ለአስከሬኑ ሽኝት ፎቶ ስንፈልግ ሁለት ተገኘ፤ አንደኛው ለመታወቂያ የተነሣው ዓይኑን ያፈጠጠበት፣ ሁለተኛው ይህ። ዛሬ እኔ ቤት ያለው ይህ ነው። የምወደውም ይህንን ነው። ስለዚህ መምህሩ ባያነሳው ይሻል ነበር ለማለት አልችልም፤ አንሥቶ ትክክል አደረገ ለማለትም አልችልም፣ የአባቴን የዚያን ማታ ፊት አይቻለሁና። ይህን ነገር ብዙ አሰብኩበት፣ አልፈታሁትም። የማውቀው አንድ ነገር፣ ያ ሕንዳዊ በነገርነው ቅጽበት እጁን ገጠመ፤ እኔ መጋቢው ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ለልጅቷ "አጥፍቻለሁ" ብዬ ጻፍኩ፤ "ከሆነ" የሚል ቃል የለበትም። ፎቶው ከገጻችን ላይ ቀደም ብሎ ወርዶ ነበር፤ ከቅጂዎቹ የደረስንበትን ሁሉ አስወረድን። ለትምህርት ቤቱና ለዚያች እናት ደብዳቤ ጻፍኩ። ልጅቷ መተርጎም አልፈለገችም፤ አልተቀየምኩም። ኮሪያዊው ሚስዮናዊ ወንድም አብሮኝ ተቀምጦ ተረጎመው፤ እሱም የራሱን ይቅርታ ጨመረበት። ትምህርት ቤቱ በትሕትና መለሰ፤ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ተቀብለው ውሏን አደሱላት፣ ለመጪው ዓመት በሌላ ትምህርት ቤት። እናቲቱ አልመለሰችም። መመለስም የለባትም።

ለእናንተ ግን አልተናገርኩም። ስብከቱ "ሠርቶ" ነበርና። የተለቀሰበትን ስብከት መልሶ ማንሳት ለሰባኪ ከባድ ነው፤ በዚህ አገልግሎት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ዓመት ቆየሁ።

ጥር ላይ ባለቤቴ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "አንተስ ለልጅቷ ምን ልከህላት ታውቃለህ?" ስልኬን ከፍቼ አየሁ። ሌሎች የላኩልኝን የበዓል ካርድ፣ አበባ ላይ የተጻፈ ጥቅስ፣ "ጌታ ይባርክሽ"፣ የአገልግሎት ማስታወቂያ። ለመቶ ሰው የተላከ ነገር ሁሉ። ለእሷ ብቻ የተላከ አንድም አልነበረም።

ስለዚህ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ጀበናችንን አነሳሁ። የቤተ ክርስቲያናችንን የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበው አነሳሁ። ዝናብ ሲመታ የሚያፈስሰውን የቢሮዬን ጣሪያና ከሥሩ ያስቀመጥኩትን ባልዲ አነሳሁ። ሰው ባለበት ስሆን መጠየቅ እንዴት እንደሚያሳፍር ያን ጊዜ አየሁ። የግቢያችን ጥበቃ ማለዳ ጫማቸውን አውልቀው ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ አየሁና፣ "አባባ፣ ጫማዎን ፎቶ ላንሳው?" አልኳቸው። "ለምን ይሆናል?" አሉ። ኮሪያ ላለች የእህቴ ልጅ መሆኑን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ቆየኝ" ብለው ወደ ጥበቃ ቤታቸው ገቡ። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ። ጫማውን ጠርገው፣ ቀለም ቀብተው፣ ክሩን አስተካክለው አምጥተው በደረጃው ላይ አስቀመጡት። "በል አሁን አንሣ" አሉኝ። በአካባቢው ሲያንዣብብ የነበረውን ዶሮ ሳይቀር አባረሩልኝ።

ላክሁት። እስከዚያ ድረስ ለላክኋቸው ሁሉ አልመለሰችም ነበር። ለዚህኛው ከአንድ ሰዓት በኋላ መልስ መጣ። "አጎቴ፣ ጣትህ ገብቷል።"

አየሁት፤ እውነት ነው። በቀኝ በኩል ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ሮዝ ነገር አለ፣ ጣቴ ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ባይሆንም እንደገና ትልክልኝ ጀመር። በየካቲት መጨረሻ ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ቀን መደርደሪያውን ለመጨረሻ ጊዜ አንሥታ ላከችልኝ። ከሥሩ "ለአንተ" የሚል ጽፋበታለች። ስልኬ ውስጥ አለ።

የሚዲያ ክፍሉ ወንድሞች ለዚህ ጽሑፍ የሚሆን ፎቶ ሲጠይቁኝ የጥበቃችንን ጫማ ሰጠኋቸው። አባባን ድጋሚ ጠይቄ አስፈቅጃለሁ፤ ጣቴ እንዳትቆረጥ ግን አደራ ብያቸዋለሁ።